ዳማው ያለ ብረት የወጣ ዕለት

ዓመቱን ቁርጥ አድርጌ አላውቀውም። ዕድሜ ሲገፋ ዓመታት እንደ ተበተነ ከብት ናቸው፤ አንዱን መለስሁ ሲሉ ሌላው ከሰው ማሳ ይገባል። ክረምቱ አልወጣ ብሎ እስከ መስቀል ማግስት የጎተተበት፣ የጤፉ አረም በዝቶ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የከረመበት፣ እኔም ጢሜ ሳያጎነቁል ድምፄ ብቻ ቀድሞኝ የጎረነነበት ዓመት እንደ ነበረ ነው የማስታውሰው። እዚህ ቢቸና ውስጥ ዓመቱን የሚያስታውሰኝ እኩያ ፈልጌ ነበር፤ አንደኛው ጆሮው ከድቶታል፣ ሌሎቹ ደብሩ ግቢ ተኝተዋል።

ሰሞኑን ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኝና ወደ ውስጥ ተመልሼ የማልፈልገውን ትራስ አገላብጬ እወጣለሁ። ልጄ፣ «አባባ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» ትለኛለች፤ ምን እንደ ጠፋብኝ ባውቀውማ ፈልጌ ባገኘሁት።

እንዲህ ስቁነጠነጥ ነው አንድ ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ ከበራችን ፊት መጥቶ የቆመ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና ፈረሱ ይጤሳል። ከአፉ ዳርና ዳር አረፋ ይንጠባጠባል፣ አረፋው ውስጥ የቀጠነ ደም ይታያል። ባለጋሪው ጎረምሳ በአንድ እጁ ስልክ ያወራል፣ በሌላው ዛቡን ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ይስባል።

«ልጄ፣ አፉን ቆርጦታል እኮ» አልሁት።

«አባባ፣ ካልሳብሁት ከባጃጅ ሥር ነው የሚገባብኝ።»

«ብረቱን አውልቅለትና በልባብ ንዳው።»

«በልባብ?» አለና ስልኩን ከጆሮው አራቀ። «በልባብማ ለገበያ ነው የሚወጣ። ልሽጠውና ጋሪውን እርስዎ ይጎትቱልኝ?»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁለት። እኔን ቢያስር ሲሚንቶው እስከ ገና አይደርስም። ጋሪው ሲሄድ ግን ጠረኑ ቀረ፤ የፈረስ ላብ፣ የራሰ ጠፍር፣ የብረትና የምራቅ ጠረን። በሩን ይዤ ቆምሁ። እግሬ እዚያው ነው፣ ልቤ ግን አንዱን የፈረሰ ጋጣ ፍለጋ ሄደ።

ለማያውቅ ልንገር። ልጓም ከፈረሱ አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት አለው፤ ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ምላሱንና መንጋጋውን ይጫነዋል። ልባብ ብረት የለውም፤ ከአፍንጫው በላይና በጉንጩ ዙሪያ የሚያልፍ ጠፍር ብቻ ነው። በእኛ አገር ልባብ የሚታሰረው ለጭነት ከብት ወይም ለሽያጭ ለወጣ ፈረስ ነው እንጂ ባለኮርቻ ፈረስ በልባብ ከሰው ፊት አይወጣም፤ ነውር ነው።

ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ በጉንደ ወይን መንገድ ነበር። ጓሮው ኮሶና ብሳና፣ ደጁ ጭቃ፣ ከቤቱ ጎን ደግሞ ከቤቱ ይልቅ በጥንቃቄ የተከደነ ጋጣ። ጋጣው የዳማው ነው። ዳማው የአባቴ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ቦቃ፣ ገላው እንደ በሰለ ሸክላ ቀይ፣ ሲሰግር ከላዩ የተቀመጠ ጠላ የሞላ ዋንጫ አያፈስም ይባልለት ነበር። አባቴ ራሱን ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ነበር፣ ዳማውን «ሆዱ ወረደ» ያሉት እንደሆነ ግን ሳምንት ያኮርፋል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብር የተለበጠውን ልጓም ከግድግዳው አውርዶ በአመድ ይወለውለው ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ብሩ ውስጥ የገዛ አፍንጫዬን ሰፍቶ ሳየው እስቃለሁ።

እናቴን አላውቃትም፤ መልኳን አልያዝሁትም። አባቴ ብዙ ዘመን ብቻውን ከኖረ በኋላ ከሞጣ ሚስት አመጣ። ታላቅ እህት ብትኖረኝ በእሷ ዕድሜ ነበረች፤ እንደ ሰፈሩ ሰው እኔም «እትየ» እላታለሁ። ክፉ ነገር አላየሁባትም፣ እሷም አላየችብኝም፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያረፍን ሁለት እንግዶች ነበርን። በመካከላችን የሚያወራው አባቴ ነው፤ እሱ ከሌለ እሳቱ ብቻ ነበር የሚንጣጣ።

በዚያ ክረምት አባቴ ታመመ። ጎኔን ይላል፣ ሌላ አይልም። መድኃኒቱ ሞጣ ይገኛል ተባለና ታናሽ ወንድሙ አያ ውቤ ዳማውን ጭኖ ወጣ። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት። አያ ውቤ ወንድሙ እንዳይሞትበት ያስሮጣል፣ ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ እንዳይንሸራተትበት ይስባል፤ ሲያስሮጥና ሲስብ፣ ሲያስሮጥና ሲስብ ሄዶ መጣ። መድኃኒቱ ደረሰ። አባቴ ግን አልጠበቀውም።

ያን ለት የዳማውን አፍ ማን ያያል። ከቀብር መልስ እርጥብ ሣር ባቀርብለት አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ከንፈሩን ገለጥ ባደርገው አፉ ግራና ቀኝ ተሰንጥቋል፣ ምላሱ በብረቱ ልክ ተቦርቡሯል። ሣሩን ከእጄ ጥዬ እዚያው ጋጣ ውስጥ አለቀስሁ፤ ለአባቴ ይሁን ለፈረሱ ዛሬም አለየሁትም።

በአገራችን ደንብ የሟች ፈረስ ለቅሶ ይወጣል። ኮርቻው ተጭኖ፣ የጌታው በርኖስ ከላዩ ተዘርግቶ፣ ጌጠኛ ልጓሙን ለብሶ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። ሰው ኮርቻው ባዶ መሆኑን ሲያይ ያኔ ነው ሞቱን የሚያምነው። በቀብሩ ዕለት ዝናቡ ሩቅ ዘመድ ስላላደረሰ ትልቁ ለቅሶ ለአርባው ተቀጠረ። አያ ውቤ ወደ ጎን ወሰደኝና ዓይን ዓይኔን ሳያይ ቃሉን ነገረኝ።

«ዳማው በአርባው እንደ ደንቡ ልጓሙን ለብሶ ከወጣ ያንተ ነው፣ ከቤት ይኑር። አልለብስም ካለ ግን ለሞጣ ነጋዴዎች እሰጠዋለሁ፣ አጋሰስ ሆኖ እህል ይጫን። እያየሁት መኖር አልችልም።»

ክፋት አልነበረበትም። ፈረሱን ባየ ቁጥር ያን መንገድ እንደሚያይ በኋላ ገብቶኛል። ያኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ትቶልኝ ከሄደው ሁሉ የሚተነፍስ ዳማው ብቻ ነበር። አርባው ሳይደርስ ልጓም ካልለበሰ እሱም ሊሄድብኝ ነው።

እንግዲህ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው መቀመጥ አቃተኝ። እህል ስጎርስ ተነስቼ ጋጣ እሄዳለሁ፣ ጋጣ ስደርስ ቤት የተውሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ልጓሙን ላግባ እላለሁ፤ ዳማው የብረቱን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል። አንድ ቀን ግንባሩን ከማገሩ አላተመ፣ ሌላ ቀን እኔን ከግድግዳው አጣበቀኝ። ብረቱን ማር ቀባሁት፤ ማሩን ልሶ ብረቱን ተፋው። በጨርቅ ጠመጠምሁት፣ ለመንሁት፣ ሰደብሁት። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አሻግሮ አይቶ፣ «ልጁ ከፈረስ ጋር ይሟገታል፣ ዳኛ ጥሩላቸው» ብሎ ሳቀብኝ።

እትየ አንድ ጠዋት ጥጥና እንዝርቷን እንደያዘች ከጋጣው በር መጥታ ቆመች። ከቀብሩ ወዲህ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አጥቁራ፣ ድምፅ አልነበራትም።

«ብረቱን ተወው» አለችኝ።

«ደንቡስ?»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ምላሱ አልተቆረጠም።»

ያን ለት ነው ስለ ራሷ መጀመሪያ ያወራችኝ። እናቷ እሷ ገና ልጅ ሳለች ሞታባት ነበር። አባቷ ከሞጣ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር አጋሰስ እየነዳ ይኖር ነበርና የሚጠብቅለት ሰው ቢያጣ እሷንም ከእህሉ ጆንያ በላይ አስቀምጦ በየገበያው ይዟት ዞረ። እኩዮቿ ስፌት ሲማሩ እሷ ልባብ ማበጀት ተማረች። ይህን አባቴ እንኳ ያውቅ እንደነበር እንጃ፤ ባልም ሚስቱን ሁሉን ነገር ጠይቆ አይጨርስም።

ከቆጥ የበሬ ጠፍር አወረደች፣ በውሃ ነከረችው፣ ቅቤ እያስነካች በጉልበቷ ላይ አሸችው። ከአሮጌ የሱፍ ባና ጥግ ቆርጣ ከአፍንጫው ላይ የሚያርፈውን ክፍል በውስጥ በኩል ለበጠችለት። ቤቱ የቅቤና የቆዳ ጠረን ሞላው። «ይድረቅ፤ ሲደርቅ በፊቱ እንለካዋለን» ብላኝ ተኛች።

ይድረቅ የሚባል ነገር ለእኔ አልገባኝም። ጎህ ሲቀድ ልባቡን ከመስቀያው አወረድሁና እንደ ራሰ ከዳማው ፊት ላይ ጠፈርሁት። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ማረሻ ሲጠፈር ጠፍሩ ርሶ ነው የሚታሰረው፣ ሲደርቅ እንዲያጠብቅ። የማውቀውን አደረግሁ፤ እንዲያውም በደንብ ሳብ አድርጌ በማሰሬ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ታዲያ በዚያ ቀን፣ ሳምንቱን ሙሉ ተደብቃ የከረመች ፀሐይ ወጣች። ቀትር ሳይደርስ ዳማው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋ ጀመር። ፊቱን ከአጥሩ ጋር ይፍቃል፣ የዓይኑ ነጭ ወጥቷል። ቋጠሮውን ልፍታ ብል ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥፍሬ ተገነጠለ።

እትየ ካራ ይዛ ሮጠች። ሌሊቱን የደከመችበትን ልባብ በአንድ እጇ የፈረሱን ጉንጭ እያሻሸች በሌላው ቆርጣ ጣለችው። ዳማው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ቁራጩን አንስታ አራገፈችው።

«ይህ ማረሻ አይደለም፤ ይተነፍሳል» አለችኝ።

እንደገና አበጀች። ሲደርቅ ቅቤ ነካች፣ እንደገና አደረቀች። እኔ በዚህ መካከል የቤቱን ዙሪያ ስዞር ሣሩን አጠፋሁት። በመጨረሻ ጠራችኝና እጄን ይዛ በፈረሱ ፊት ላይ አስኬደችው።

«ይኸ የጉንጩ አጥንት ነው። የአፍንጫው ጠፍር ከዚህ ዝቅ ይላል፣ ግን ሁለት ጣት ብቻ። ወዲህ ከወረደ ደግሞ…» ብላ ጣቴን አጥንቱ ከሚያልቅበት አደረሰችው፤ እንደ ጆሮ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ቦታ ነው፣ ከሥሩ ትንፋሹ ይሞቃል። «እዚህ ካሰርኸው አፈንኸው።»

ከአገጩ ሥር ሁለት ጣት ማስገባት አለበት፣ ከጉሮሮው ደግሞ ጡጫ ማሳለፍ። የግንባሩ ጠፍር የጆሮውን ሥር እንዳይቆነጥጥ፣ የጉንጩ ወደ ዓይኑ እንዳይሳብ፣ ቋጠሮ ከአጥንት ላይ እንዳያርፍ፣ ከጠፍሩ ሥር የታጠፈ ጸጉር እንዳይኖር። ጆሮውን ስታሳልፍ ወደ ኋላ አትጠፍጥፈው፣ ወደ ፊት አጎንብሰህ በእጅህ ሸፍነህ አሳልፈው። «እንግዲህ ሣር ስጠው። እያላመጠ ካልተመቸው አልገጠምኸውም ማለት ነው።»

ሰጠሁት። አሸተተ፣ ጎረሰ፣ አላመጠ። ክርች ክርች ይላል። እኛ ቤት ከአባቴ ሳል ወዲህ ሌላ ድምፅ ያልተሰማ እስኪመስለኝ ድረስ አዳመጥሁት። እትየም ታዳምጥ ነበር፤ አየኋት።

ከላዩ ስወጣ ግን ዳማው ያው ፈሪው ዳማ ሆነ። ጭንቅላቱን ይወረውራል፣ በጎን ይሄዳል። ልባቡ ይሆን እንዴ ብላ ዙሪያውን ዳሰሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ፈረሱ ደህና ነው። የማያርፈው ያንተ እጅ ነው።»

እውነቷን ነበር። እጄ ሳላዝዘው ይስባል፣ ይለቃል፣ ያርገበግባል። የዛቡን ጠፍር ከልባቡ ፈታችና ከእንዝርቷ የፈተለችውን ጥጥ በሁለት በኩል አስራ ሰጠችኝ፤ እስትንፋስ የሚበጥሰው ዓይነት ክር። «ሳትበጥስ ከግራሩ ደርሰህ ተመለስ» አለችኝ። የመጀመሪያው ከአጥሩ ሳልወጣ ተበጠሰ። የቀጠለው ዶሮ ስትበር ተበጠሰ። የእሷ የክር ቋት ሳሳ፤ «በዚህ ዓይነት ቡሉኮ ነው ያስፈጀኸኝ» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን፤ ከአባቴ ወዲህ የሳቅንበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ ምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት ያስቸግረኛል። ክሩ እንዳይበጠስ ስል ትንፋሼን ረጋ አደረግሁ፣ ትንፋሼ ሲረጋ ትከሻዬ ወረደ፣ ትከሻዬ ሲወርድ ዳማው ጆሮውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ። ወደ ግራ አሰብሁ፣ ወደ ግራ ሄደ። ከግራሩ ደርሰን ክሩ ሳይበጠስ ተመለስን። እትየ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ማሾሯን ቀጠለች፤ ያን ለት ግን በራቴ ላይ እንቁላል ተጨመረ።

አርባው ደረሰ። ሜዳው በሰው ተሞላ፤ ከሞጣ፣ ከጉንደ ወይን፣ ከደጋው የመጣ ዘመድ ሁሉ። ዳማውን ጭኜ፣ የአባቴን በርኖስ አልብሼ፣ በእግሬ ከፊቱ ሆኜ በልባብ እየመራሁት ብቅ ስል ሰው ሁሉ ወደ ፈረሱ ፊት ዞረ። ከወንዶቹ ሰልፍ አንዱ፣ «ምነው፣ ፈረሱ ለገበያ ነው እንዴ?» አለ። ሌላው፣ «አባቱ ሳይቀዘቅዝ!» አለ። አያ ውቤ ሕዝቡን እየጣሰ መጣ፤ በክንዱ ላይ ብሩ የተወለወለ ልጓም ተንጠልጥሏል፣ ራሱ ወልውሎት ነው።

«ይኼ ምንድን ነው? ወንድሜን ገበያ ልታወጣብኝ ነው? ልጓሙን አግባለት!»

ወደ ዳማው ተጠጋሁ። ያን ጊዜ እትየ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በእኔና በእሱ መካከል ቆመች።

«ውቤ፣ አንድ ጊዜ አፉን ገልጠህ እይ። ካየህ በኋላ ልጓሙን አግቢለት ካልኸኝ እኔ ራሴ አገባለታለሁ።»

አያ ውቤ ከሞጣ ይዞት ከተመለሰ ወዲህ ያን ፈረስ ዳስሶት አያውቅም። እጁን ሰደደ፣ ከንፈሩን ገለጠ። ስንጥቁ ጠግጓል፣ ጠባሳው ግን ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰው። ዳማውም ሳይነክሰው፣ ሳይሸሸው ቆመለት፤ እንዲያውም በእጁ ላይ ተነፈሰበት። አያ ውቤ ከንፈሩን ቀስ ብሎ መለሰው፣ ልጓሙን ከክንዱ አወረደና ከኮርቻው ላይ፣ ከወንድሙ በርኖስ በላይ አኖረው። «ሂድ» አለኝ።

ሄድሁ። ሙሾው ተነሳ፣ ደረት ተመታ። ግማሽ ሜዳውን እንዳለፍን ከላይ በኩል ለሟች ክብር ጥይት ተተኮሰ። ዳማው ተርገፈገፈ፣ ፊቱን ወደ ላይ ሊሰቅል ሲል ተሰማኝ፤ አምልጦኝ ከሕዝቡ ላይ ቢሮጥ ያ ሁሉ ነገር በዚያች ቅጽበት አለቀ። እጄ መሳብ ፈለገ። ሰውነቴ ሁሉ መሳብ ፈለገ። ከኋላዬ እንደ ደንቡ ፈረሱን ተከትላ የምታለቅሰው እትየ ሙሾዋን ሳታቋርጥ በመካከሉ አንዲት ቃል ወረወረችልኝ፤ «እጅህን!» ትንፋሼን አወጣሁ፣ ጣቶቼን አላላሁ። ዳማው ትንሽ ቆመ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ አፍንጫው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አለና ቀስ ብሎ ተራመደ። ይህን ያየች አንዲት አልቃሽ ወዲያው በግጥም ተቀበለችው፤

«ጌጡን ጥሎ መጣ፣ ብሩን አውልቆ፣
ዳማ ከሰው ላቀ፣ ሐዘኑን አውቆ።»

ሐዘንተኛ ጌጥ አያደርግምና ቀድሞ ነውር ያለው ሰው ሁሉ ያኔ ገባው። ሜዳው በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው እስከዚያች ቀን አንዲት እንባ ያላወጣው አያ ውቤ ነው። የነጋዴዎቹን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳውም፤ ዳማውም እኛው ጋጣ አረጀ፣ ጥርሱ አልቆ በለሰለሰ ገብስ እየኖረ።

ይኸው ዛሬ ያ ሜዳ የባጃጅ ማዞሪያ ሆኗል። ለቅሶ በድንኳን ነው፣ ፈረስ የሚያወጣ የለም፤ ቢወጣም የሚቀበለው ሙሾ የለም። የብሩን ልጓም በክፉ ቀን ሸጥነው። በጉንደ ወይን መንገድ የሚሰግር ፈረስ ከጠፋ ቆየ፤ ያሉትም ሲሚንቶ ይጎትታሉ፣ የጉንጫቸውን አጥንት በጣቱ የሚፈልግላቸው ሰው የለም። እኔም ብሆን ልጆቼን ማረስና መነገድ አስተማርኋቸው እንጂ ያን አላስተማርሁም፤ ይጠቅማል ብዬ መች አሰብሁ።

ከአርባው በኋላ የእትየ ዘመዶች ሊወስዷት ከሞጣ መጥተው ነበር፤ ወጣት ናት፣ ልጅ አልወለደችበትም፣ ምን ታደርጋለች ብለው። «ልጁ ጎጆ ይውጣ» ብላ መለሰቻቸው። ጎጆ ወጣሁ፤ እሷም ያኔ ወደ አገሯ ገባች። እኛ ዘንድ ስትኖር «የሞጣዋ» ይሏት ነበር፤ ሞጣ ስትመለስ ደግሞ «የቢቸናዋ» አሏት። በቀብሯ ዕለት በሚኒባስ ደርሼ ቤቷን ስጠይቅ እንኳ ያመላከተኝ ሰው በዚያ ነው የጠራት። በሁለቱም አገር በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነበር። ያን ክረምት ያሻገረችኝ ሴት አትጠገብ ትባላለች።